ዋሱ ማን ይሁን?

የሥራ ማስታወቂያ ማንበብ የለመደ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፍባት አንዲት መስመር አለች። የሥራ መደቡ፣ የትምህርት ደረጃው፣ የሥራ ልምዱና «ደመወዝ በስምምነት» የሚለው ከተዘረዘረ በኋላ «ፆታ፦ አይለይም» ትላለች። ጎንደር ፒያሳ ግድግዳ ላይ በሚለጠፈው ወረቀትም፣ በየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳም የምትገኝ መስመር ናት። ትርጉሟ ወንድም ሴትም መወዳደር ይችላል ማለት ነው። ወንድ ነህ ወይስ ሴት ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የሚቸግረው ወጣት ግን ያቺን መስመር አንብቦ «እኔንስ ይጨምራል?» ይላል።

ቅጥሩ ቢገኝ እንኳ ቀጥሎ የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ። ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ክፍል፣ ጥበቃ፣ አስተናጋጅ ሆኖ የሚቀጠር ሰው ዋስ አምጣ ይባላል። ዋስ የሚሆነው አባት ነው፤ አባት ከሌለ አጎት ወይም አክስት ነው፤ እነሱም ካልሆኑ ጎረቤት ነው። ከቤት የተባረረ ልጅ ግን አባትም፣ አጎትም፣ ጎረቤትም የለውም። ሙያ ቢኖረውም ዋስ የለውም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ ሠርቶ ማደር መቻል አለመቻሉ የሚወሰነው ከቀጣሪው በር ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ ቤት ውስጥ ነው።

ስለ ማን ነው የምናወራው?

«ትራንስጀንደር» የሚለው ቃል ከውጭ የመጣ ነው። ሲወለዱ «ወንድ ነው» ወይም «ሴት ናት» የተባሉ፣ ሲያድጉ ግን ራሳቸውን በተባሉት ውስጥ የማያገኙ ሰዎችን ያመለክታል። ወንድ ተብሎ ያደገ ልጅ ውስጡ ሴት እንደሆነ ይነግረዋል፤ ሴት ተብላ ያደገችውም በተቃራኒው።

ይህ ነገር ከሌሎች ሁለት ጉዳዮች ጋር ይምታታል። አንደኛው አባቶች «ፍናፍንት» የሚሏቸው፣ የሁለቱንም ፆታ የአካል ምልክት ይዘው የሚወለዱ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ ያ የአካል አፈጣጠር ነው። ሁለተኛው የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ነው፤ ያ ደግሞ ሰው ማንን ይወዳል የሚለውን እንጂ ራሱን ማን ብሎ ያውቃል የሚለውን አይመለከትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ዝርዝር ትራንስጀንደር መሆንን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል።

ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ንስሐ አባቱ ወይም ወደ ሼሁ ነው። ያ የየቤቱ ጉዳይ ነው። እዚህ የምናነሳው ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው፤ ልጁ ምን ሠርቶ፣ ምን በልቶ ይኖራል?

ስም ያሳበቀባት ተመራቂ

ለዚህ ጥያቄ ቅርባችን ያለው ምሳሌ ጎረቤታችን ኬንያ ነው። ኦድሪ ምቡጓ የተባለች ኬንያዊት የሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተናዋን እ.ኤ.አ. በ2001 የወሰደችው በወንድ ስም ነበር። ኋላ በሴትነት መኖር ስትጀምር በፊት ለፊት የምትታየው ሰውና በሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ስም አልገጥም አሉ። ቀጣሪ ወረቀቱን ያያል፣ ቀና ብሎ እሷን ያያል፣ ከዚያ ስለ ሙያዋ መጠየቁን ትቶ ስለ ማንነቷ ይጠይቃል። ተምራ ውጤት ማምጣቷ ምንም አልረባትም።

ምቡጓ የአገሪቱን የፈተናዎች ምክር ቤት ከሰሰች። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 ስሟ በአዲሱ እንዲተካና ፆታን የሚጠቅሰው ምልክት ከሰርተፊኬቱ እንዲወጣ ፈረደላት። ነገሩ ሲታሰብ ለማንም ግልጽ ነው፤ ሒሳብ የሠራውና ድርሰት የጻፈው ጭንቅላት ነው፤ ያ ውጤት ወንድ ነው ሴት ነው አይባልም።

በእኛ አገር ፋይዳ መታወቂያ ከስምና ከትውልድ ቀን ጋር ፆታን ይመዘግባል። የትምህርት ማስረጃ ላይ ደግሞ ስሙ ራሱ ይናገራል። «አዳነ» ወይም «ጥሩወርቅ» የሚል ወረቀት የያዘ ሰው ፆታውንም ይዞ ነው የሚዞረው። ደስታ ወይም ፍቅር የሚባል ሰው በዚህ በኩል ትንሽ ይቀልለታል። እርግጥ ለእኛ ቤተሰብ ከአንድ በላይ ስም እንግዳ አይደለም። አንድ ሰው የመዝገብ ስም፣ የክርስትና ስምና አያቱ ያወጡለት የቤት ስም ይኖረዋል፤ ሰፈሩ በሙሉ በቤት ስሙ ሲጠራው ኖሮ የመዝገብ ስሙን ቀብሩ ላይ የሚሰማ ጎረቤት አለ። በደመወዝ መክፈያው ላይ የሚሰፍረው ስምና ባልደረቦች የሚጠሩበት ስም መለያየታቸው ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም።

ቅጥር ተገኝቶ ማደሪያ ሲጠፋ

ወረቀቱ ተስተካክሎ ቅጥር ቢገኝም ብቻውን እንደማይበቃ ከሕንድ የሚነገር ታሪክ ያሳያል። ኬረላ በተባለው ክፍለ ግዛት የምትገኘው የኮቺ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2017 አዲስ የባቡር አገልግሎት ስትጀምር ከ20 በላይ ትራንስጀንደር ሰዎችን ቀጠረች። ትምህርታቸው ከፍ ያለው ትኬት ቆራጭ ሆኑ፤ ሌሎቹ የጽዳት ሥራ ያዙ። ዜናው በዓለም ዙሪያ ተወራ።

ባቡሩ በጀመረ በቀናት ውስጥ ግን አንዳንዶቹ ሥራውን ጥለው ሄዱ። የሄዱት ሥራው ከብዷቸው ወይም ባልደረቦቻቸው ሰድበዋቸው አልነበረም፤ ቤት የሚያከራያቸው ሰው ስላጡ ነው። አከራይ ሲያያቸው «ተይዟል» ይላል። የተገኘው ማደሪያ ደግሞ በቀን ሒሳብ የሚከፈልበት ውድ ስለነበር የወር ደመወዛቸው አልሸፈነውም።

ይህን ወደ እኛ ብናመጣው ከዳባት ወይም ከደባርቅ ተባሮ ጎንደር መናኸሪያ የወረደን ልጅ ማሰብ ነው። የቤት ኪራይ ዋጋ የሚታወቅ ነው። አከራይም «ከማን ጋር ነው የምትኖረው? የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙዎቹ የሚቀራቸው ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሰሊጥ እርሻ መሄድ ነው። እዚያ የቀን ሠራተኛው አንድ ዳስ ውስጥ ተደራርቦ ያድራል። ከሌላው የተለየ ለሚመስል ልጅ እንዲህ ያለ ቦታ ምን ማለት እንደሆነ ለወላጅ መንገር አያስፈልግም። በቤቱ አንዲት መደብ ያለው ልጅ ግን ቢያንስ ሥራ እስኪያገኝ መጠበቅ ይችላል።

እንደገና ከታች

በሙያ የመዝለቅን ነገር በተመለከተ አሜሪካዊቷን የኮምፒውተር መሐንዲስ ሊን ኮንዌይን ማንሳት ይገባል። በ1960ዎቹ አይቢኤም በተባለው ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ፈጣን ኮምፒውተር በሚነድፍ ቡድን ትሠራ ነበር። በሴትነት ለመኖር መወሰኗን ስትናገር እ.ኤ.አ. በ1968 ኩባንያው አባረራት። ትዳሯ ፈረሰ፣ ልጆቿንም እንዳታይ ተከለከለች።

ኮንዌይ በአዲስ ስም፣ ያለፈ ልምዷን መናገር ሳትችል፣ ከታች ጀምራ በኮንትራት ፕሮግራም ጸሐፊነት ተቀጠረች። የያዘችው በጭንቅላቷ ያለውን ሙያ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ዜሮክስ የተባለው ኩባንያ የምርምር ማዕከል ገባች። እዚያ ካርቨር ሚድ ከተባለው ምሁር ጋር የጻፈችው መጽሐፍ በሺዎች የሚቆጠሩ መሐንዲሶች ጥቃቅን የኮምፒውተር ክፍሎችን መንደፍ እንዲማሩ መንገድ ከፈተ። ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ከዚያ ሥራ ተጠቃሚ ነው። ኋላም የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነች። ያባረራት ኩባንያ ይቅርታ የጠየቃት እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ ከ52 ዓመት በኋላ። እሷም በ2024 በ86 ዓመቷ ዐረፈች።

ከዚህ ታሪክ ወላጅ የሚወስደው ሁለት ነገር ነው። ሙያ በእጅ ካለ ስምም፣ ቤትም፣ ቅጥርም ቢጠፋ እንደገና መነሳት ይቻላል። እንደ ኮንዌይ ያለ ችሎታ ግን ለሁሉም አይሰጥም፤ ሙያውን ሳይጨርስ ከቤት የወጣ ልጅ የሚነሳበት መሠረት አይኖረውም።

ጎንደር የምታውቀው ነገር

ሙያ ያለውን ሰው በማንነቱ ማራቅ ለጎንደር እንግዳ አይደለም። ቤተ እስራኤላውያን የርስት መሬት መብት ካጡ በኋላ የኖሩት በእጃቸው ጥበብ ነው። ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸክላ ሠሩ፣ ሸማ ሸመኑ፤ በጎንደር ነገሥታት ዘመንም በግንብና በእንጨት ሥራ ተሰማሩ። ገበሬው ማረሻውን ከእነሱ ይገዛ ነበር፤ እንስራና ምጣዱም ከእነሱ ነበር። ያው ገበሬ ግን «ቡዳ ናቸው» ብሎ ይሸሻቸው ነበር። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985፣ ከዚያም በ1991 ወደ እስራኤል ሄዱ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ወደ ሰሜን ተራሮች በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ወለቃ ግን የሸክላ ሥራው እስካሁን አለ። ዐፄ ምኒልክም በዘመናቸው ባለእጅን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል፤ ስድቡ አገሪቱን ሙያ እያሳጣት መሆኑን ስላዩ ነው።

የዚያ ዘመን ነገርና የዛሬው ጉዳይ አንድ አይደለም። አንድ የሚያደርጋቸው ማረሻውን እየፈለጉ ማረሻ ሠሪውን መጥላት ኪሳራ መሆኑ ነው።

«ይህ የወንድ ሥራ፣ ያ የሴት ሥራ» የምንለውም ቢሆን በአያቶቻችን ዕድሜ ብዙ ተለዋውጧል። እህል መፍጨት የሴት ነበር፤ ወፍጮ ቤት ሲመጣ ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው ወንድ ሆነ። ጠላ የምትጠምቀው ሴት ናት፤ ቢራ ፋብሪካ ሲከፈት ወንድም ሴትም ጠማቂ ሆነ። ወንድ ልጅ ጓዳ ገባ ተብሎ ይሰደብ በነበረበት አገር ዛሬ የትልልቅ ሆቴሎች ወጥ ቤት ኃላፊዎች ወንዶች ናቸው። ሥራ የሚከተለው የሚችለውን እጅ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በመሳሰሉት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። ትራንስጀንደር የሚለው ቃል ግን በሁለቱም ውስጥ የለም። በአዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠሪው «ለሥራው አልተስማማህም» ብሎ ቢያሰናብት መከራከር ይከብዳል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን የግብረ ሥጋ ግንኙነት ወንጀል ያደርጋል። ራስን በሌላ ፆታ ማወቅን የሚመለከት አንቀጽ የለውም። ሰዉ ግን ሁለቱን ስለሚያቀላቅል ሐሜቱም፣ ዱላውም፣ ክሱም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ እዚህ አገር ላለ ልጅ ዋናው መጠጊያ የቤተሰብ ጥላ ነው።

ልጆቻቸው በውጭ ያሉ ወላጆችም ከዚህ ጉዳይ ሩቅ አይደሉም። ከዋሽንግተን ወይም ከሌላ ከተማ በስልክ እንዲህ ያለ ነገር የሚሰማ አባት ልጁ እዚያ ከሥራ ይባረር ይሆን ብሎ ይሰጋል። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ሰውን ትራንስጀንደር ስለሆነ ብቻ ከሥራ ማባረር ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወስኗል። ከከሳሾቹ አንዷ በቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ትሠራ የነበረችው ኤሚ ስቲቨንስ ናት። ውሳኔው ሲነበብ እሷ ከዚህ ዓለም በሞት ከተለየች አንድ ወር አልፏት ነበር። ሕግ ይደርሳል፤ ግን ዘግይቶ ይደርሳል።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ከሁሉ በፊት ልጁ ትምህርቱን አያቋርጥ። ክፍል ውስጥ ከተሰደበ ትምህርት ቤት ወይም ፈረቃ መቀየር ይቻላል፤ ማቋረጥ ግን የዕድሜ ልክ ዕዳ ነው።

«ትዳር ያስተካክለዋል» ብሎ መዳርም በደጋው አገር የተለመደ መፍትሔ ነው። ትዳር የሰውን ውስጥ አይቀይርም። ሁለት ሰው ያሳዝናል፤ ልጅ ሲጨመር ሦስት ይሆናሉ። ብዙውን ጊዜ ትምህርቱንም የሚያስቆመው ይኸው ጋብቻ ነው።

ምስጢሩን መጠበቅም የወላጅ ድርሻ ነው። ለእድርተኛ፣ ለቡና ጎረቤት፣ ለቀጣሪም ቢሆን ስለ ልጁ የሚናገረው ልጁ ራሱ ነው፤ መቼና ለማን እንደሚናገር የሚያውቀውም እሱ ነው። ከወላጅ አፍ የወጣች አንዲት ቃል ሥራ ታሳጣለች፤ ከዚያም የባሰ ታመጣለች።

ለሙያው አመራረጥ ደግሞ ሰው የእጁን ውጤት አይቶ የሚከፍልበት ሥራ ይሻላል። ልብስ ስፌት፣ ሽመና፣ ሸክላ፣ የስልክና የኮምፒውተር ጥገና፣ ዳቦና ኬክ፣ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ፣ ትርጉም፣ የጽሑፍና የሥዕል ዲዛይን ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ደንበኛው ቀሚሱ ልክ መሆኑን እንጂ የሰፊውን ማንነት አይመረምርም። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሠልጥኖ የብቃት ማረጋገጫ ፈተናውን ያለፈ ልጅ በማስረጃው ላይ ችሎታው ተጽፎ ይገኛል። ሦስተኛውን ሰው ሳይጠይቅ ቤት ውስጥ የሚጀመር ሥራም አለ፤ አንድ የልብስ መኪና በረንዳ ላይ ቢቀመጥ አንድን ሰው ያሳድራል። ለመነሻ የሚሆነውን ብድር ለማግኘትም ያው ዋስትና ይጠየቃል፤ እዚያም የሚፈለገው ቤተሰብ ነው።

አያቶች በዚህ ውስጥ የተለየ ቦታ አላችሁ። አባት ሲቆጣ ልጅ የሚሸሸው አያቱ ጉያ ነው። ቁጣው እስኪበርድ ጥቂት ወራት ማስጠለል፣ ለአባትየውም «ልጅህ ነው፤ ቀስ በል» ማለት ከሽማግሌ የሚጠበቅ ነው። ልጁ ስለ መሞት ማውራት ከጀመረ ግን ነገ ዛሬ ሳይባል ወደ ሐኪም ይወሰድ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ሕክምና ይሰጣል። የሚወሰደው ማንነቱን ለማስለወጥ ሳይሆን ሕይወቱን ለማትረፍ ነው።

ቀጣሪ ለሆናችሁ

ከአንባቢዎቻችን ሱቅ፣ ሆቴል ወይም የልብስ ስፌት ቤት ያላችሁ አላችሁ። ከእናንተ የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። ሠራተኛው በመረጠው ስም ጥሩት፤ የመዝገብ ስሙ በደመወዝ መክፈያው ላይ ይቆይ። ስለ ገላው አትጠይቁ። ሌላ ሠራተኛ ሲሰድበው ዝም አትበሉ፤ ባለቤት ዝም ካለ ስድቡ የቤቱ ደንብ ይሆናል።

አማርኛችን ሰውን ሲጠራ ወንድ ሴት ይለያል። አንተ፣ አንቺ፣ ና፣ ነይ ሳይሉ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አይቻልም። ለሚቸገር ግን መውጫም አስቀምጦልናል፤ «እርስዎ» ወንድ ሴት አይለይም። «ይምጡ»፣ «ይቀመጡ»፣ «እንዴት አደሩ» ለሁሉም ይሆናል። ምን ብሎ እንደሚጠራ ግራ የገባው አሠሪ በአክብሮት ቢጠራ አይሳሳትም። ደንበኛውም ያንኑ ይከተላል።

ወላጅ ሁሉን ነገር ገብቶት ልጁን አያሳድግም። ያልገባውን ይዞ፣ እየጠየቀ፣ አንዳንዴም እያለቀሰ ነው የሚያሳድገው። ዋስ መሆንም እንዲሁ ነው። ዋስ የሚፈርመው ሰውዬው በሚያደርገው ሁሉ ስለሚስማማ አይደለም፤ «አውቀዋለሁ፣ የእኔ ነው፣ ቢወድቅ እኔን ጠይቁኝ» ለማለት ነው። ለእንዲህ ያለ ልጅ መጀመሪያ የሚፈርመው እናትና አባቱ ናቸው። እነሱ ከፈረሙ ቀጣሪውም፣ አከራዩም፣ አበዳሪውም የሚጠይቁት ሰው ያገኛሉ።